ሃያ ሁለት ብሎን

ሰኔ ነው፤ ቫልዲቪያ ዝናብ ተከናንባለች፣
ከባሕር አንበሶቹ ጋር ወንዝ ዳር ታስላለች።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት፣
የሰው አከርካሪ በቁጥር የሚያልፍበት፤
ብሎኑን በሚሊሜትር፣ ዘንጉን በክንድ፣
ቆጥሬ እልካለሁ፣ አንድ ባንድ።

ድሮማ፣
ሣጥኑ ሁሉ ይወጣል፤ "ምናልባት" ይባላል፤
ከሠላሳ ብሎን ገሚሱ ሳይነካ ይጣላል።
ማሸጊያው ከተቀደደ ብሎን አይመለስም፤
የወር ደሞዜን ያህላል፤ ማንም ግን አያለቅስም።
ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ያው ሰው በቃሬዛ፣
ዘንጉ ተሰብሮበት፣ ሕመሙ እንደበዛ።

ማክሰኞ ማክሰኞ አሁን ሸንጎ አለ፤
ቀዳጅ ብቻውን አይቆርጥም፣ ሌላው ካልተቀበለ።
እኔንም ጠርተውኛል፤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣
ሲጠይቁኝ ዋጋ፣ ሳይጠይቁኝ ፊት አነባለሁ።

አምና በዚህ ወር መጣ፣ የችሎዌ ጀልባ ሠሪ፣
ዶን ኤሌውቴሪዮ፤
ቀጥ ያለውን ጣውላ በእንፋሎት አጉባጭ፣ ጎድን አሳማሪ።
እሱም ጎበጠና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ
ያየው ጫማ ብቻ ነው፤ ፊቶች የት አሉ?

"ሃያ ሁለት ብሎን" ይላል ማዘዣው፤
"አጥንቱስ?" አለች ኤዱቪና፣ የእሷ ነው ማደንዘዣው።
ዶክተር ኦያርሱን ዝም አለች። ፎቶውን ወደ መስኮቱ
አዙራ አየችው ደግማ፤ ወንፊት ነው አጥንቱ።

ሲነግሩት ሳቀ ሽማግሌው፤ "ይሄን ለኔ?" አለ፤
"እርጥብ እንጨት ላይ ምስማር መትቶ ማን የታደለ?
መጀመሪያ ይደርቃል።
እጠብቃለሁ።"

አራት ወር መርፌ ተወጋ፤ ሲጋራውን ጣለ
(ሁለቴ አጭሷል፤ አውቃለሁ፤ ለማንም አልተባለ)።
ጥቅምት ላይ ሁለት ቀዳጆች ግራና ቀኝ ቆሙ፤
ስድስት ሰዓት፣ አሥራ አራት ብሎን፤ ብዙም አልፈሰሰ ደሙ።

ስምንቱ ተመለሱልኝ። የተረፈው ገንዘብ የት ገባ?
ባልዲዬ ዛሬም ጣራው ሥር ነው፤ ዝናቡ እንደገባ።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ፍጹም አልቀናም፤ ትንሽ ያዘነብላል፣
ግን አንድ ቀን ደረጃውን ወርዶ "የቱ ነው?" ይላል።
አንዱን ብሎን ሰጠሁት። በመዳፉ መዘነው፤
"ከመዳብ ምስማሬ ይቀላል" አለ፣ "ያ ሁሉ ወጪ ይሄ ነው?"
ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ቆየ።
ከዚያ መለሰልኝ፤
ማሸጊያው አልተቀደደም።