ማከማቻው ሞልቷል

«ሞልቷል ይለኛል ስልኬ፤ ምን በልቶ ነው?» ብሎ
ጋሽ አለኸኝ ከባሕር ዳር ደወለ፣ ሽምብጥ፣ ጀልባውን ደንገል ዳር ጥሎ።
እኔ ያለሁት ጅማ። ስክሪን ማጋራቱን ሦስቴ አስረዳሁት፤
በአራተኛው ስልኩን፣ ከነኮተቱ፣ እጄ ላይ አየሁት።

«ከላይ፣ በቀኝ» ስለው
«ወደ ሐይቁ ነው ወደ አስፋልቱ?» ይለኛል፤
«ወደ ሐይቁ» እላለሁ፤ ስቶ ካሜራውን ይከፍትብኛል።
ለአፍታ፣ ጅማ ድረስ፣ አንድ ይብራ፣ ብዙ ሰማይ፣ የጀልባ እንጨት፣
የጋሼ አፍንጫ፣ የአገጩ ሽበት።

መሰረዝ ጀመርን፤ የካቻምና የዕንቁጣጣሽ ካርድ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ በግ ቪዲዮ፣
ሰባት ጊዜ ያው አንድ መንገድ፣
አሥራ አንድ የገዛ አውራ ጣቱ። «ይሂድ» አለ፣ «ሁሉም ይሂድ።»

ከዚያ አንዲት ጥቁር ፎቶ።
ምንም የለባትም። «ይቺንስ?» አልኩት።
ዝም አለ፤ የሞተር ጀልባ መጥቶ እስኪያልፍ፣ ማዕበሉ ዳሩን መትቶ።
«ተያት» አለ። «መብራት የጠፋ ማታ ናት፤
ውድነሽ እየሳቀች ‹አንሳኝ› ብላኝ ያነሳኋት።»
«ጋሼ፣ ምንም አይታይም እኮ።»
«አውቃለሁ። ግን እሷ ናት።»
ከሸኘናት ሦስተኛ ክረምት ነው። እኔም ተውኳት።

በጉን ሰረዝነው፤ ቦታ ተገኘ። «እደጊ» ብሎ መረቀኝ፤
ማጋራቱን ማቆም ግን ረስቶ፣ እዚያው ስልኩ ውስጥ አስቀረኝ።
ጥቁሯ ፎቶ ተመልሳ ተከፈተች።
የብርሃኑን መስመር፣ ማንም ሳይመራው፣
ወደ ሐይቁ ገፋው፤ እስከ ጥጉ ገፋው።

ቀዩን ነካሁ፣ ቀስ ብዬ፣
ሳይጠራ እንደገባ እንግዳ፣ ጫማዬን አንጠልጥዬ።