ኩሬው ላይ

ጥር ነው፤ ኦስትራቫ ክዳኗን ደፍታ
የከሰል ጭሷን ታበስላለች ማታ ማታ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጤና ቢሮው ጥግ፣
ሥራዬ ነጥብ ነው፤ ነጥብ መደርደር በወግ።
አንድ ልጅ ሲታፈን አንድ ነጥብ ይቀላል፣
የቤቱን ቁጥር ስጽፍ ማሽኑ ቦታውን ያውቃል፣
ኬክሮስ ከኬንትሮስ ጋር ተሻግሮ ይሰፋል።

በስተምሥራቅ ቀልቷል፣ ከኮክ ምድጃዎቹ ሥር፣
ነጭ አንሶላ ተሰጥቶ ግራጫ በሚሆንበት ሰፈር፤
በስተምዕራብ ነጭ ነው፤ ጥድ፣ ጸጥታ፣ ውድ አጥር።

ከመሀል ግን አንድ ኩሬ አለ፣ ዓሣ የሚረባበት፣
አርባ አንድ ሕፃናት ማሽኑ የጣለበት።
አርባ አንድ ነጥብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣
ውሃው መሀል ቁጭ ብሏል፣ እንደ ጠጠር ተሰብስቦ።

ሳቅሁ። «ዓሣ ያስለዋል እንዴ?» አልኩት አለቃዬን፤
ቦሁሚልም ሳቀ፣ ጨበጥ አድርጎ ትከሻዬን፤
«ስሕተት ነው፣ አጥፋው» አለኝ ኮቱን እየደረበ፣
«ዛሬ ዓርብ ነው፤ ትራሙም ቀረበ።»
አንድ ቁልፍ ተጫንሁ። ኩሬው ንጹሕ ውሃ ሆነ፤
ካርታው ታትሞ ኮሪደሩ ላይ በመስተዋት ተከደነ።

ሐሙስ ዕለት ነርሷ መጣች፣ ያርሚላ፣ ጫማዋ ጭቃ፤
ጣቷን ኩሬው ላይ አሳርፋ «የታሉ?» አለች፣ በቃ።

«እነማን?»
«የሆስቴሉ ልጆች። ከሐዲዱ ወዲያ፣
የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ይኖሩበት በነበረው።
በጆሮዬ ነው ደረታቸውን ያዳመጥኩት።
ኪራያቸው በወር ስለሆነ የቤት ቁጥር አይሰጣቸውም፤
ፎርሙ ላይ የፖስታ ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ።»

ቤት ያጣ አድራሻ ሲመጣ ማሽኑ አይጨነቅም፤
ከፖስታ ክልሉ እምብርት ላይ ወስዶ ይጥለዋል።
እምብርቱ ያ ኩሬ ነበረ።
ይኸው፣ እዚህ ላይ ስንኜም ቤት መምታቱን ተወ፤
ከልጆቹ ጋር ሜዳ ይደር።

በእኔ ቋንቋ ካርታ የአገር ሥዕል ብቻ አይደለም፣
የቤት ማስረጃም ነው፤
የቤት ካርታ የሌለው ካርታ ላይ ቤት የለውም።
አስም ያለው ልጅ ደግሞ ስሙ ከበሽታው ውስጥ አለ፣
አንድ ፊደል ከፊቱ ቆሞ ጋርዶት።
ይህን ለያርሚላ ልነግራት አስቤ ነበር፤
ቼክኛዬ አልደረሰልኝም።

ሄድን። ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ መጨረሻው በር።
ሻጋታው ግድግዳው ላይ የራሱን ካርታ ስሏል፤
ወደብ አለው፣ ደሴት አለው፣
ከአምና ወዲህ ደግሞ ድንበሩን ገፍቷል።
ከሥሩ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ አራት እህትና ወንድማማች፤
ማርጊታ፣ ኮሎማን፣ ዴዚደር፣ የሁሉ ታናሽ ኤርዢካ።
አንዲት ሰማያዊ የአስም መንፊያ ይቀባበላሉ፣
«ተራዬ ነው»፣ «ገና ነው» እየተባባሉ።

መሣሪያዬን መስኮቱ ዘንድ ሳቆም ኤርዢካ ጠጋ አለች፤
«ይሄ ምን ያያል?» አለች።
«የት እንዳለሽ።»
እኔን አየችኝ። መሣሪያውን አየች። ደግማ እኔን።
«እዚህ ነኝ እኮ» አለች፤ «አንተ ራስህ አታይም?»

ማታ ተመልሼ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣
ከሰረዝኩት መዝገብ አንድ በአንድ ሳወጣ፣
አራቱን ከውሃው ጎትቼ ከደረቁ አኖርኳቸው፣
ከሐዲዱ ወዲያ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ከበራቸው።
ቦሁሚል ነገ «ካርታው ተበላሸ፣ ቀይ በዛ» ይላል፤
ይበል።

በአያቶቼ ጽሕፈት አራት ነጥብ ሲቀመጥ
ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ አንባቢው ይተነፍሳል።
እኔም አራት ነጥብ አስቀመጥኩ።
ግን ሠላሳ ሰባቱ ገና ኩሬው ውስጥ ናቸው፣
ያርሚላም ታች ሆና ዣንጥላዋን ዘርግታ
ትጠብቀኛለች