ገማቹና ገመቹ

ሰንዳፋ ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣
የቆርቆሮ በሩን ገርበብ አድርጎ «ግባ» አለኝ፣ «ግባ»።

ሃያ ዓመት ሙሉ የተጋጨ መኪና ስገምት ኖሬያለሁ፤
የአይሱዙን አንገት፣ የሲኖትራክን ሆድ በጣቴ አውቃለሁ፤
ቀለም የሸፈነውን ስብራት በጥፍሬ አገኛለሁ።
ይሄ ግን፣ ከጭድ ክምሩ ጎን በሸራ ተጀቡኖ የቆመ፣
በመንደሩ አፍ «የገመቹ ዶሮ» ተብሎ የተሰየመ፣
እንኳን ዋጋው፣ ዓይነቱስ በእኔ ቅጽ ላይ መቼ ታተመ?

ሸራውን ገፈፈ።
ሞተሯ የቮልስ፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር የተገዛ፤
ውልብልቢቷ በእጅ የተላገ፣ አንድ ወጥ ዋንዛ፤
ጎማዋ ከባጃጅ፣ ወንበሯ ከሚኒባስ፣
ከጀርባው «ሒሳብ በቅድሚያ» የሚለው ጽሑፍ ሳይፋቅ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?» አልኩ፤ የልማድ ነው፣ አመለጠኝ።
ሳቀና ከደረት ኪሱ የተማሪ ደብተር ሰጠኝ።
«ጥር ሁለት። ሮጠች፤ አልተነሳችም።
ጥር ዘጠኝ። ሮጠች፤ አልተነሳችም።
የካቲት። ላሞች ሜዳው ላይ ነበሩ፤ አልሞከርኩም።»
«አየሩ ስስ ነው እዚህ» አለኝ፣ «ደጋ ይበላል ጉልበት፤
ቆላ ቢሆን ኖሮ ድሮ በተነሳች፣ በዚሁ ክብደት።»
ከዚያ አንድ መስመር፣ በቀይ፦
«መጋቢት አሥራ ሰባት። አራት ደቂቃ።»
ከሥሩ ባዶ ነው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ።

ሻጭ ሆኖ ነውሩን የሚያሳይ አላየሁም በዘመኔ፤
እሱ ግን ወደ ቀኝ ክንፏ ወስዶኝ ጎንበስ አለ ከጎኔ፦
«ይቺ የጎድን አጥንት ሐምሌ ላይ ተጣበቀች፣ በዝናብ፤
ሙጫዋ በወጉ አልደረቀም፤ ጻፈው፣ ቀንስ ከሒሳብ።
ይህ ብሎን የምናለሽ ተራ ነው፣ የአውሮፕላን አይደለም፤
ይህ ስፌት የባለቤቴ የዳምቱ ነው፤ እሱን ግን አትቀንስም።»

ሦስት ገዢ መጥቷል። ቁራሌው፣ ልመዝናት በኪሎ፤
የሆቴሉ ጌታ፣ ጣሪያ ላይ ልስቀላት፣ አምፖል ላልብሳት ብሎ፤
ሦስተኛው የለገጣፎ በያጅ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣
ብሩ ከሁሉ ያነሰ፣ ግን ሦስት ቀን ተመላልሶ የመጣ።
«ልክ ልኩን ንገረኝ» አለኝ፣ «አልፈልግም ከዚያ በላይ፤
የሰው ዐይን ታደላለች የገዛ ልፋቱ ላይ።»

ቅጹ ላይ የገማቹን ስም፣ የባለንብረቱን ስም ሞላሁ።
ገማቹ እኔ። ገመቹ እሱ። ብዕሬን አቆምኩ።
ልዩነታችን ከ«ማ» ሥር የወረደች አንዲት እግር ናት፤
የእኔዋ መሬት ረግጣለች፤ የሱዋ እግር የላት።
በሱ ቋንቋ ደግሞ ስሙ ደስታ ማለት ነው አሉ።

ሞተር፣ እንጨት፣ ሸራ ደመርኩ፤ ብሎኑን፣ ሙጫውን ቀነስኩ።
አራቱ ደቂቃ ቀረኝ።
«ላይ ሆነህ ምን አየህ?» አልኩት፣ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ።
«የትምህርት ቤቱን ጣሪያ» አለ። «አምና የጠፋ ኳስ፣
ቆርቆሮው እጥፋት ውስጥ ተወሽቆ። ልጆቹ በሱ ሰበብ
ሌባ ተባብለው ተኳርፈው ከርመዋል እኮ።
እንደወረድኩ መሰላል ይዤ ሄድኩ።»

ለዚህ ሰንጠረዥ የለኝም።
ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁት። ቆይቶ ቆይቶ፣
«ሙጫውን ቀንሰሃል?»
«ቀንሻለሁ።»
«እንግዲያስ ደህና።» ሸራውን መልሶ ጎተተ።

ማታ በሚኒባስ፣ በለገጣፎ በኩል ስመለስ፣
አንገቴን አስግጌ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ነበር፤
ከታች ግን ምንም አይታይም።