የኮክ ፍሬ ሽታ

ሽታው ደግ ነው። መጀመሪያ ይኼን ልንገርህ፤
የኮክ ፍሬ በድንጋይ ስትሰብር የሚያውድህ፣
ያ መራራ ጣፋጭ።
ጋሽ ሽባባውም በዚህ ነው የተሸነገለ፣
«የሚገድል ነገር እንዲህ አይሸትም» አለ።

ፔዳ፣ ከኬሚስትሪው ክፍል ምድር ቤት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ይዞ የኖረበት፤
ለተማሪ ሲያስረዳ እንዲህ ነበር የሚል፦
«ስድስት ካርቦን ክብ ሠርቶ እጅ ለእጅ ተያይዟል፣
እያንዳንዱ በጀርባው አንድ ሃይድሮጅን አዝሏል።
በረዶ ላይ አስቀምጠህ ሁለት አሲድ ስታጠጣው፣
አንዱ ልጅ ከጀርባ ወርዶ ናይትሮ ይታዘላል በቦታው።
ቀስ በል ብቻ! ከሞቀ ሁለተኛ እንግዳ ይከተላል፣
የኋለኛው ጠባይ ከፊተኛው ይከፋል።
ከዚህ ዘይት አኒሊን፣ ከአኒሊን ቀለም ይወለዳል፤
የሚስቴን ጥፍር የነከረው የኔው ጠርሙስ የልጅ ልጅ ነው» ይላል፣
ይስቃል።

ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ከውሃ የከበደ።
ዓባይ ጣናን ሲያቋርጥ ሳይቀላቀል ሄደ
ይሉ የለ? እሱም ከውሃው ሥር
ለብቻው ይተኛል፣ እንደ ምሥጢር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጠርሙሱ ከእጁ አመለጠ።
ጓንት አልፈለገም። በጨርቅ አበሰው፣
ጨርቁን ከኪሱ ሸጎጠ።
ጭኑ ላይ ረጥቦ ዋለ።
ቆዳ በር አለው፣ እኛ የማናየው፤
ቢጫው በዚያ ገባ ማንም ሳይጠይቀው።

ማታ ራሱን አመመው። «ፀሐይ ነው» ብሎ ዋሻት።
ይታይሽ ግን ዕድሜዋን የፈጀችው ቀለም ቤት፣
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ሰማያዊን ከሰማያዊ የምትለይ ሴት።
ከንፈሩን በባትሪ አየች፣ ጥፍሩን አየች።
«ይኼ የብርድ አይደለም፤ ይኼ ተነክሮ ነው» አለች።

ባጃጁ በዘንባባው ሥር ከነፈ።
ሲቀዱት ደሙ ቀይ አልነበረም፤
የሐምሌ ዓባይ ነው፣ አፈር የጠጣ፣
አየር እየሳበ አየር ያጣ።
ሐኪሟ በመርፌ ሰማያዊ ይዛ መጣች።
«ቀለም!» ብላ ይታይሽ እጇን ያዘች።
«ቀለም ነው። መድኃኒትም ነው። ልቀቂኝ፣ እናቴ።»
ለቀቀች።

ሊነጋጋ ሲል ከንፈሩ ቀላ።
አረንጓዴ ሸና፤ በዚያ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ
ስለዚያች ሌሊት አንድም ቃል አልተነፈሰ፤
ሰማያዊ የነጠቀውን ሰማያዊ መለሰ
ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተማሪው፣
ዛሬ ቁልፉን የያዝኩት ሰው።

ኮክ ሲደርስ ይታይሽ ሽምብጥ ዳር ትወርዳለች፣
ሥጋውን በልታ ፍሬውን ሳትሰብር ሐይቁ ላይ ትጥላለች፤
ይሰምጥ እንደሆን፣ ይንሳፈፍ፣
ቆማ ታያለች።