መስታወቱን ያዙልኝ

«አንድ ሰው! አንድ ሰው! ኮምቦልቻ አንድ ሰው!»
ሽኩር በማለዳ መናኸሪያውን ሲቀሰቅሰው።
«አንድ ሰው» ካለማ ግማሽ ሰዓት አልፏል፤
ከዚያ ወዲህ እንኳን አራት «አንድ ሰው» ገብቷል።
ጦሳ ጉሙን ይዞ ፒያሳ ድረስ ወርዷል፣
የደሴ ሐምሌ ነው፤ ካልሲዬ ርሷል።

አበጋዝ ብቅ አለ። እንደታመመ ልጅ
በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አቅፎ በሁለት እጅ
የመስኮት መስታወት፤ ደረቱን ያከለ።
«ይኼማ ሰው አክሏል፣ ይከፈላል» አለ
ሽኩር።
          «ጭኔ ላይ ነው!»
ጦይባ ከኋላ ልጇን እንዳቀፈች፣
«በጭን ሒሳብ ካለ እኔም ልክፈል» አለች።
ሳቅን።
በሩ ሦስቴ ተወርውሮ በአራተኛው ተዘጋ።

ሐረጎ አፋፉ ላይ መንገዱ ሲጠፋ፣
ሹፌሩ ለማየት ሬዲዮኑን አጠፋ፤
(ጆሮው ዓይኑን ጋርዶት የቆየ ይመስል)
አንገቱን አስግጎ ነጭ ነጩን ሲከትል፣
በመጀመሪያው ጥምዝ መስታወቱ ከዳ፣
ዘመም አለ ወደኔ፣ እንደሰከረ እንግዳ።
ብርድ ልብሱ ወለቀ።
«ያዙልኝ ወገኖች!»

ያዝን። የተማሪው ጣት ከነቀለሙ፣
የጦይባ መዳፍ ሒናው እንዳማረ፣
የሽኩር እጅ፣ ሳንቲም ሳንቲም የሚሸተው፣
ሕፃኗም ላሰችው፤ ጨው መስሏት ይሆናል።
እኔ? የሰው ዕቃ መንገድ ላይ አልይዝም፤
እናቴ ነበረች የከለከለችኝ።
ያዝኩ።

ጥምዙ ግራ ሲል ወደ ቀኝ ገፍተን፣
ቀኝ ሲል ወደ ግራ፣ ትንፋሻችንን ውጠን፤
ሽኩር እንደጠራን፣ አንድ ሰው አክለን።
ገደሉ ሥር ያለው፣ ዝጎ የከረመው
ያ የወደቀ ተሳቢ፣ ጉም ባይኖር የምናየው፣
ሁሉም ያውቃል ቦታውን፤ ማንም አላነሳው።

ከዚያ ጉሙ አለቀ፤ ኮምቦልቻ ሞቃለች።
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ፀሐይ ላይ ቆማለች።
ሹራብ እየወለቀ፣ ሬዲዮኑ ተከፍቶ፣
አበጋዝ ወረደ፣ ብርድ ልብሱን ፈትቶ፤
ግድግዳ አስደግፎ መረመረው። ስንጥቅ የለም።
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ግን የእኛ እጅ ነው፦
ወዝ፣ ቀለም፣ የሕፃን ምራቅ።

«በሳሙና ይለቃል» አለችው ጦይባ።
«ይቆይ» አለ፣ «መጀመሪያ ቤቱ ይግባ።»

እኔ ቦርከና ድልድይ ላይ ኪሴን ስዳብስ
ትዝ አለኝ፤ መቶ ብር ሰጥቼ
መልስ አልተቀበልኩም።
ከማዶ ደግሞ ድምፁ፣ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!»
ሽኩር ዳገት ጀምሯል፤ መልሴን ማን ይመልሰው?