አንድ ጣት ባዶ

ከሐይቅ ገበያ ወዲያ፣ ባጃጁ ሲያቆም፣
ስሟ በር ላይ የለም፤ ታፔላም የለም።
ሸክላው ነው ደጅ ወጥቶ የሚጣራው ሰዉን፣
ፀሐይ እያሞቀ ደረቱን፣ አንገቱን።

ከደሴ ባህል ቢሮ ቅጽ ይዤ መጥቻለሁ፤
«የጌጡ ትርጉም» የሚል ሳጥን እሞላለሁ።

ጦይባ እንድሪስ ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ
ጭቃ የለበሰ፣ ፈገግ የሚል ዓይኗ።
«አወቅሽኝ?» አላልኋት። እሷም አላለችኝ።
ዱካ ብቻ ስባ «ተቀመጪ» አለችኝ።

አፈሩን ከሐይቁ ዳር ራሷ ትቆፍራለች፤
የተሰበረ ገል ፈጭታ ትጨምራለች።
«አሮጌ ካልገባበት አዲሱ ይሰነጠቃል»
ብላ ነገረችኝ፤ ቅጹ ላይ ሰፍሯል።

ከእናቷ አንገት ላይ የነበረ ንቅሳት፣
ከመከፈኗ በፊት፣ በዚያች አንድ ሌሊት፣
በልጇ ደብተር ላይ በእስኪርቢቶ ቀድታ፣
ይኸው በእንስራ አንገት ትነቅሳለች ጧት ማታ።

«ይኼስ?»
«የአባቴ አባት ተስቢህ ነው፣ ሲንከባለል፤
ሠላሳ ሦስት ጉድባ እርጥቡ ላይ ይጥላል።»
«ይኼኛውስ፣ ፈትሉ?»
«የእናቴ እናት ማተብ።
ክርስቲያን ነበረች፤ ያገባት ግን ጠይብ።
አልበጠሰች እሷ፤ የበጠሳት ዘመድ፤
ሙዳይ ውስጥ አገኘሁት፣ ነጥቶ እንደ አመድ።»

ጠይብ።
ስሟን አጣመን፣ በዕረፍት ሰዓት፣
ጦይባን «ጠይቢቱ» ብለን የሳቅንባት።
አሁን ቃሉን ራሷ፣ እንደ ተራ ነገር፣
እንደ ውሃ አለችው፣ እንደ ገል፣ እንደ አፈር።

አራተኛ ክፍል ነን፤ ዴስኳ ላይ ብቻዋን።
መምህሩ «ሂጂ» ቢለኝ፣ አልጠጋ አልሁ ጎኗን።
በሳምንቱ ታመምሁ፤ ትኩሳት አቃዠኝ።
«የሸክላ ሠሪዋ ልጅ» አሉ፣ የበላችኝ።
ጎትተው አመጧት፣ በሌሊት፣ በዝናብ፤
«እንትፍ በይባት!» አሏት አልጋዬ አጠገብ።
አፏ ደርቆ ነበር። ፈርታ። ምራቅ የላት።
ሦስቴ ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣት።

ታይፎይድ ነበረ፤ ደሴ ሄደን ዳንሁኝ።
ማንም አልነገራት። እኔም ዝም አልሁኝ።

አሁን ከፊቴ አንዲት እንስራ አኖረች፣
ዙሪያዋን በጥፍር አንገቷ የተወጋች።
አርባ ሁለት ጥፍር ቆጠርሁ፣ የክፍሉን ልጅ ያህል፤
ከሁለቱ መሐል ግን አንድ ጣት ባዶ ይላል።
«እዚህ ጋ ረስተሻል?»
«አልረሳሁም» አለች፣
መዳፏን ውሃ ነክራ ጭቃ እያላቆጠች፤
«ዴስክ ነው። ሂጂ ተብላ ያልመጣች ልጅ ነበረች።»

ስሜን አልጠራችም። ፈንታነሽ ነው ስሜ፤
ፈንታዬን አየሁት ከእንስራው ፊት ቆሜ።
ይቅርታ ልል አፌን ከፈትሁት፤ ደረቀ።
ሦስቴ ሞከርሁ፤ ትንፋሽ ብቻ ዘለቀ።

«አብሽሪ» አለችኝ፣ እያበሰች እጇን፤
ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣ ነገረችኝ ዋጋዋን።
አልተከራከርሁም። እሷም አልቀነሰች።
በገለባ ጠቅልላ በገመድ አሰረች።

ሚኒባስ ውስጥ በጭኔ ታቀፍኋት እንደ ልጅ፤
«ማን ሠራት?» አለ ረዳቱ፣ ተደግፎ ደጅ።
«ጓደኛዬ» ልል ነበር። «አንዲት» አልሁ፣ «የሐይቅ ልጅ።»

ቅጹን አጠፍሁና ከቦርሳ ከተትሁ፤
ያችን አንድ ሳጥን ግን ሳልሞላት ተውሁ።

ማታ ውሃ ሞላሁባት። አዲስ ሸክላ ያልባል፤
ውሃ እስኪጠግብ ድረስ ወለል ያረጥባል።
ጠጣሁ። አፈር አፈር፣ ጭስ ጭስ ይላል።

ሌሊት ተነስቼ በጨለማ ዳበስሁ፤
ከነጥብ ወደ ነጥብ፣ ባዶው ላይ ደረስሁ።
ልኬ ነው። ግን አሁን አልፏል በእሳት፤
ጭቃ ሳለ ነበር የምቀመጥበት።