የውሻው ስም ተጽፏል

ማቱዚኞሽ፤ ሌሊት ነው፤
የባሕሩ ዝናብ መስኮቱን በጨው ይልሰዋል።
ግራሲዬት፣ የሆስፒታሉ የበር ተረኛ፣
ከእሷና ከአሳንሰሩ በቀር ሁሉም ተኛ።
ወንበሯን ከማሞቂያው አስጠግታ፣
የአንድ እግሯን ጫማ ፈታ፣
የከተማውን ቤተ መዛግብት በስልኳ ከፍታ
አንዲት ሴት ትፈልጋለች፣
የእናቷን አያት። ዴኦሊንዳ ትባላለች።

ስሟን ጻፈች። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ተሽከረከረች፣
«ምንም አልተገኘም» ብላ ቀረች።
ፊደል ለዋወጠች። አሁንም የለም።
በባሏ ስም ሞከረች፤ እሱ አለ፣
ከነጀልባው፣ ከነመረቡ ስፋት፣
ከነመጠጥ ቤት ዕዳው እንኳ፣ ሳይጎድልበት።

«ሠራተኛ» አለች፤ ሺህ ወንድ ተሰለፈ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ።
«ሰርዲን» አለች፤ ዓሣው መጣ፣ በቶን ተመዝኖ፣ ዋጋው ተሰልቶ።
ራሱን የቆረጡት፣ ሆዱን ያጸዱት፣
በዘይት ያስተኙት፣ ጣሳ ውስጥ የደረደሩት
እጆች ግን የሉም።

ከዚያ አንድ ፎቶ።
ከፋብሪካው ደጅ አሥራ አራት ሴቶች፣ ሽርጣቸው ረጥቦ፣
ፀሐይ ዓይናቸውን አጥብቦ።
ከመካከል አለቃው፣ ጢሙን አበጥሮ፣
ከእግሩ ሥር ውሻ፣ ጆሮውን ወጥሮ።
ከታች የተጻፈው ይህ ነው፦
«አቶ ቤልሚሮ፣ የፋብሪካው አለቃ፤ ውሻቸው ፋይስካ፤ እና ሠራተኞች።»

እና።
አሥራ አራት ሰው በአንዲት «እና» ውስጥ ተጨናንቆ ቆሟል።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
ያልተጻፈውስ የት ይውላል?
ፋይስካ እንኳ፣ ቢጠሩት፣ ዛሬም ጭራውን ይቆላል።

ከሦስተኛው ፎቅ ነርሷ ፌሊስሚና ሲጋራ ልታጨስ ወረደች፣
በትከሻዋ አሻግራ ስልኩን አየችና ሳቀች፦
«እናቴም እዚያው ነበረች፣ የኔ ልጅ። ሥራቸውንማ ማን ጻፈ?
በጥፋታቸው ፈልጊያቸው፤ ከጥፋታቸው አንድም አልታለፈ።»

«ቅጣት» ብላ ጻፈች።

የኩባንያው መዝገብ ተከፈተ፣ ገጽ በገጽ በፎቶ የተነሣ፣
ጠርዙን አይጥ የቆረጠመው፣ የቀለሙ መልክ ግን ያልሳሳ፦

ዙልሚራ፤ በሥራ ሰዓት ስለዘፈነች፣ የግማሽ ቀን ደሞዝ።
ሉዶቪና፤ ሕፃን በዓሣ ቅርጫት ደብቃ ስለገባች፣ የአንድ ቀን።
ኤርሚኒያ፤ ስለሳቀች።
ኤርሚኒያ፤ ስለሳቀች።
ኤርሚኒያ፤ ለምን እንደሳቀች ስትጠየቅ፣ ስለሳቀች።
ዴኦሊንዳ፤

(ግራሲዬት አፏን በመዳፏ ያዘች)

ዴኦሊንዳ፤ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ስለደረሰች፤
ምክንያቷን ስትጠየቅ «ትናንት ወልጄ ነው» ስላለች፤
ይህንንም ጮክ ብላ ስለተናገረች፤
የሁለት ቀን። ኦክቶበር አሥራ ዘጠኝ።

አሥራ ስምንትን ታውቃታለች ግራሲዬት።
የአያቷ ልደት።
በየዓመቱ ሻማ እፍ ያሉባት፣ ኬክ የቆረሱባት ዕለት፤
በማግስቱ አራስ እናት በእግሯ ወደ ፋብሪካ መሄዷን
ማንም ነግሯት አያውቅም።

ጸሐፊው ለመታሰቢያ አልጻፈም፤ ሳንቲም ሊቀንስ ነው የጻፈ፤
ሳያስበው ግን፣ በዚያች ቆንጣጭ ብዕሩ፣
የአንዲት ሴት ሳቅ ከሞት አተረፈ።

ወደ ፎቶው ተመለሰች። አሁን ስም በእጇ አለ፣
የትኛው ስም የየትኛው ፊት ነው፣ እሱ ነው ያልተገለጠ።
ከቀኝ ሦስተኛዋ ፊቷ ደብዝዟል፣ ካሜራው ሲጫን ተነቃንቃ፤
ኤርሚኒያ ትሆን? ምናልባት፣ እንደ ልማዷ ስቃ።
ዴኦሊንዳስ? ይህች ቁመተ ረጅም? ያቺ እጇን የሸሸገች?
ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች፤
ፊቱ ሲሰፋ ነጠብጣብ ሆነ፤ ነጠብጣቡም ዝም አለ።

ውጭ አምቡላንስ ጮኸ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።
ባንድ እግር ጫማ ሮጠች፣ በሩን ከፈተች፣ ዝናብ መታት።
«ሁለት ደቂቃ ዘገየሽ» አለ ሾፌሩ፣ ተቆጥቶ።
«ጻፈው» አለችው፤ ሳቋ መጣ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፤
«ጻፈው። ስሜን ግን አደራ፣ ሳታሳስት።»